ከማጅራት ገትር አልጋ ወደ ክትባት ሰልፍ

መጀመሪያ እምቢ ያለኝ አንገቴ ነው። ባምባሲ ገበያ ዳር፣ ከባለቤቴ ከገመቹ ጋር በተከራየናት በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ራሴን ሲፈልጠኝ ውሏል፤ የበጋው ፀሐይ ነው ብዬ ናቅሁት። ከቀትር በኋላ መርፌው ላይ ክር ላስገባ ጎንበስ ስል አንገቴ አልታጠፍ አለ። ደግሜ ሞከርሁ። አልሆነም። ወዲያው ብርድ ብርድ አለኝ፣ አስመለሰኝ፤ ከፊት ለፊቱ ቆርቆሮ ላይ የሚያንጸባርቀው ብርሃን ዓይኔን ወጋኝ።

አጠገባችን ቅመም የምትሸጥ ሐዋ የምትባል የበርታ ሴት ነበረች። በዕድሜ እናቴ ትሆናለች። አማርኛን የለመደችው ገበያ ላይ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የምትለው። ግንባሬን ዳሰሰች፣ አንገቴን ቀስ አድርጋ ልታጎነብሰው ሞከረች፤ ከዚያ ወደ ገመቹ ዞረች።

«ልጄ፣ ይሄ ወባ አይደለም። የወንድሜ ልጅ እንዲህ ሆኖ ነው የሞተው። ጫልቱን ዛሬ ሐኪም ጋ ውሰደው። ነገ አትበል።»

ገመቹ ወደ አሶሳ የሚሄድ የጭነት መኪና አስቆመ። ከዚያ በኋላ ያለውን በቁርጥራጭ ነው የማስታውሰው። የመኪናው ወለል። አቧራው። ገመቹ በኦሮምኛ ሲጸልይ።

ሆስፒታል ሐኪሙ በጎኔ አስተኝቶ ጉልበቴን ወደ ደረቴ አጠፈው። «እንዳትንቀሳቀሺ» አለኝ። ከጀርባ አጥንቴ መሐል በመርፌ ፈሳሽ ቀዳ። ጥርት ያለ ውሃ መምሰል ነበረበት። ደፍርሶ ነበር።

«ማጅራት ገትር ነው፤ እኛ ሜኒንጃይተስ የምንለው» አለው ለገመቹ። «መድኃኒቱ አለን። በጊዜ ማምጣትህ ጥሩ ነው። ግን ተስፋ ከመስጠቴ በፊት ትንሽ እንያት።»

ክሎራምፌኒኮል የሚባል መድኃኒት ጀመሩልኝ። ያንን አላውቅም። ገመቹን አላወቅሁትም። ስሜንም ረሳሁት አሉ። አጠገቤ አንዲት ሴት ተኝታ ነበር። ስነቃ አልጋዋ ባዶ ነው። አርፋለች አሉኝ።

ትኩሳቱ ከለቀቀኝ በኋላ ውሃ ለመንሁ፤ ገመቹ ኩባያውን ይዞ ሲያቀርብልኝ ግማሹን ደረቴ ላይ አፈሰሰው፤ እሱ ሲስቅ አይቼ እኔም ልስቅ ስል ሳቁ በቀኝ ጆሮዬ ብቻ ስለተሰማኝ ነው የግራ ጆሮዬ አለመስማቱን ያወቅሁት። ሐኪሙ መርምሮኝ «በሽታው የመስማት ነርቭሽን ነክቶታል፤ ላይመለስ ይችላል፤ ቀኙ ግን ደህና ነው» አለኝ። አለቀስሁ፤ ነገር ግን ከዚያች ባዶ አልጋ አጠገብ ተኝቶ ስለ አንድ ጆሮ ብዙ ማልቀስ አይቻልም። ወደ ቤት ስመለስ ሚዛኔን እየሳትሁ ግድግዳ ይዤ ነበር የምሄደው፤ ሐዋ ሾርባ እያመጣች፣ በደህናው ጆሮዬ በኩል እየተቀመጠች የገበያውን ወሬ ስታወራኝ፣ ቀስ በቀስ እግሬ መሬት መርገጥ ጀመረ።

ጊዜው ክልላችን ገና የተቋቋመበት ነበር። አሶሳ ላይ አንዳንዱ ቢሮ ታፔላው ተሰቅሎ ወንበር አልተሟላለትም፤ ክትባት የሚያቆዩበት ማቀዝቀዣም እንደ ልብ አልነበረም። የማጅራት ገትር ክትባት ከአዲስ አበባ መጣ ሲባል ቀበሌው በጎ ፈቃደኛ ፈለገ፤ ሰው የሚጠራ፣ ሰልፍ የሚያስይዝ፣ ቋንቋ የሚያስተረጉም። ለምርመራ በሄድሁበት ሐኪሙ «ክትባቱ ለአንቺም ያስፈልግሻል» ካለኝ በኋላ «አንቺ የምትነግሪያቸውን እኛ ብንነግራቸው አይሰሙንም» አለኝ። ተከተብሁና ተመዘገብሁ። ሐዋም ሱቋን ዘግታ አብራኝ ወጣች።

ከአሶሳ አልፎ ያለችው ሆሞሻ የደረስን ዕለት ሰው ከማንጎው ጥላ ሥር ተሰብስቦ ነበር፤ ግን ማንም አብራን ወደ መጣችው ነርስ አይቀርብም። መርፌው ሴት ያመክናል የሚል ወሬ ቀድሞን ደርሷል። እንደ ሐዋ ሁሉንም «አንተ» የሚሉ አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ እያዩ «በሽታው ይሄን ልጅ ያዘው?» ብለው ጠየቁ። ሻሼን ገለጥ አድርጌ የማይሰማውን ጆሮዬን አሳየኋቸውና የደረሰብኝን ሁሉ ተናገርሁ፤ ሐዋ በበርታ ቋንቋ አስተላለፈችው። የሞተውን የወንድሟን ልጅም ጨምራ ነገረቻቸው። ሽማግሌው «አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ፣ ተርፈሃል» አሉኝና እጅጌያቸውን ጠቅልለው ፊት ቀደሙ።

ከዚያ በኋላ ሰልፉ ማለቂያ አጣ። ክትባቱ ግን አለቀ። ነርሷ የበረዶ ሳጥኑን ከፍታ አሳየቻቸው። «ሌላ እንደመጣ እንመለሳለን» አለች። ሳይከተቡ ከቀሩት መሐል እዚያው ሆሞሻ ያገባችው የሐዋ ልጅ አሻ ነበረች።

«ለኛ ሲደርስ ነው እንዴ የሚያልቀው?» አለ አንድ ጎልማሳ። ተቆጥቶ ሄደ።

ሌላው ክትባት ሳይመጣ አሻ ታመመች። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ማስመለስ። አሶሳ አመጧት። ሐዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አልተቀመጠችም። እኔ የማስበው ደፍርሶ የወጣውን ፈሳሽ ነበር።

ያው ሐኪም ወጣ። ፊቱን አየሁት።

«አንገቷ ይታጠፋል። የደም ምርመራው ወባ ነው የሚለው፤ መድኃኒት ጀምረንላታል» አለ።

ወባ! በሕይወቴ ወባ ተብሎ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ሐዋ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ «ወባ ነው፣ ጫልቱ፣ ሰማህ? ወባ ነው!» እያለች ጉልበቴን አቅፋ አለቀሰች። አሻ ድና ቤቷ ከገባች በኋላ ክትባቱ መጣ፤ ሆሞሻ ተመልሰን ስንሄድ ያ የተቆጣው ጎልማሳ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ፊት ቆሞ ነበር፤ አሻም ተከተበች፤ መመለሻችን ላይ መኪናው ውስጥ ሐዋ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ እስከ አሶሳ ተኛች።

ዛሬ ይህን የምታነቡ ታማሚ ወይም አስታማሚ ትሆናላችሁ። አምላኬን፣ ሐኪሞቼን፣ ያንን የጭነት መኪና ሹፌር፣ ከሁሉም በላይ ሐዋን አመሰግናለሁ። ትኩሳት መጥቶ አንገት አልታጠፍ ካለ፣ ዓይን ብርሃን ከፈራ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። ጆሮው ወይም ሚዛኑ የተጎዳ ካለ ታገሱት፤ ቀስ ይላል እንጂ ይራመዳል። ክትባት መጣ ሲባል ጎረቤታችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ የሚጠይቅ ሰው ካለ አትቆጡት፣ ንገሩት። ሰልፍ ላይ እያላችሁ ቢያልቅ ደግሞ ተስፋ ቆርጣችሁ አትቅሩ። ተመለሱ።