ማዶ የምታየው ልጅ

እህቴ ፈንጣጣው የወጣባት ዕለት ማንም ውጪ ሳይላት ራሷ ከቤት ወጣች። ጠዋት ግንባሯን ስትዳብስ ሦስት ፍሬ አገኘች። ለእናታችን ከሩቅ አሳየቻትና ነጠላዋን አጣፍታ ከወንዙ ማዶ ወዳለችው ማሳ መጠበቂያ ጎጆ ለመሄድ ተነሣች። የሦስት ዓመት ልጇ ገና አልነቃችም ነበር። እህቴ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ጠራችኝ።

«ቅርፊቱ ረግፎ ሳያልቅ ስመጣ ብታየኝ በድንጋይ መልሰኝ» አለችኝ። «እህቴ ናት አትበል። ልጄን እንዳልጨርሳት።»

እሺ አልኋት። ማልልኝ አለች፤ ማልሁላት።

ጊዜው ጣሊያን አገር የያዘበት ነው። ባሏ ከአርበኞች ጋር ወደ ዓባይ በረሃ ከወረደ ቆይቷል፤ ይሙት ይኑር አናውቅም። ከእኛ ቀበሌ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ የጣሊያን ምሽግ ነበረ፤ በሽታው ሲሰማ ወታደሮቹ በእኛ በኩል የሚመጣን ሰው መመለስ ጀመሩ። የአማኑኤል ገበያም ቀረብን። ነገር ግን ደጃችንን የዘጉብን እነሱ ብቻ አልነበሩም። እኛም እርስ በርሳችን ዘጋን። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ለየብቻው ከየዛፉ ሥር ይቆማል። ቄሱ መስቀሉን ከሩቅ ከፍ አድርገው ያሳዩናል፤ እኛም ባለንበት እጅ ነሥተን እንመለሳለን። የሞተውን የሚቀብሩት ቀድሞ ፈንጣጣ ወጥቶባቸው የተረፉ ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ በሽታው አይመለስባቸውምና።

ለእህቴ እህል ውኃ የምታደርስላትም እንዲህ ያለች ጎረቤታችን ነበረች። በልጅነቷ ፈንጣጣ ፊቷን በልቶት ነበር። ድሮ በየሠርጉ እየተጠቃቀሱ የሚስቁባት ሁሉ አሁን ድምፅዋን ሲሰሙ ከየአጥሩ ብቅ ይላሉ። እሷም አልረሳችላቸውም። «ዛሬ ቆንጆዎቹ ሁሉ ደጅ የሚጠኑት እኔን ነው» እያለች ታልፋለች።

ልጅቷ እናቷ የት እንዳለች በሦስተኛው ቀን ደረሰችበት። ከአጥራችን አንድ እንጨት ወልቆ ክፍተት ነበረ፤ በዚያ በኩል ጎጆዋ ትታያለች። ከዚያ በኋላ ጠዋት ተነሥታ እዚያው ትቆማለች። ብትጠራ አትዞርም። እህቴ አንዳንዴ ወጥታ እጇን ታነሣላት ነበር፤ ሕመሙ ሲጠናባት ግን መውጣቱን ተወች። ጎረቤታችን እህሉን እንዳለ መልሳ ታመጣው ጀመር። ልጇን ሳታይ አልበላም ማለቷን ነገረችን።

ሥዕል ያስተማረኝ የለም። ቅዳሴ ቆሜ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ሳይ፣ ቤት ስገባ በከሰል ስሞክር የለመድሁት ነው። ጥቁሩን ከድስት ቂጥ ጥላሸት፣ ቀዩን ወንዙ ከሸረሸረው አፈር አወጣለሁ፤ በእንቁላል አስኳል እለውሰዋለሁ። የፍየል ጠጕር በመቃ ጫፍ አስሬ እቀባለሁ። እንግዲህ ልጅቷን ስዬ ልላክላት አልሁና አንድ የዋንዛ ሳንቃ ጠረብሁ።

ልጅቷን ወደ እኔ ማዞር አልቻልሁም። ከግድግዳው ሥር ተቀምጬ እንደቆመች ሳልኋት። ከጎኗ ነው የምትታየኝ፤ አንድ ዓይን፣ አንድ ጆሮ፣ የቁንጮዋ ጠጕር፣ እንጨቱን የያዘች ትንሽ እጅ። በአራት ቀን ጨረስሁ። የከንፈሯን አወጣጥ እንኳ አልሳትሁም። እህቴ ስታየው ልጇ ወደ እሷ እያየች መሆኗ ይገባታል ብዬ ደስ አለኝ።

ጎረቤታችን ሳንቃውን ተቀብላ አየችና ፊቷ ጠቈረ።

«ይህች ሕፃን ምን አድርጋ ነው ከነይሁዳ ጋር የደመርኻት?»

ነገሩ እውነት ነው። በእኛ አገር ግድግዳ ላይ ጻድቅ ሁሉ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፤ በጎኑ ዞሮ በአንድ ዓይን የሚሳለው ክፉና ሰይጣን ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ። ግን በጠገራ ብር ላይ ያለችው ሴትዮም በጎኗ ናት ብዬ ተከራከርኋት።

«እሷ ፈረንጅ ናት፤ የሷን ኃጢአት ማን ያውቃል። አሁንም ቢሆን ሌላ ሥራላት» አለች።

ሌላ ልሠራ እችል ነበር። ሁለት ቀን ቢወስድብኝ ነው። ግን መምሰሏን አይቼ ኮርቼ ነበርና እምቢ አልሁ። ይዛው ሄደች።

የሆነውን ኋላ ነው የሰማሁት። እህቴ ሳንቃውን ስታይ ስለ ኃጢአት አላሰበችም። ፈንጣጣ ዓይን ያጠፋል፤ ያን ሰሞን በላይኛው መንደር ዓይናቸው የጠፋ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ዓይኗ ምን ሆነ ብላ ጠየቀች። ጎረቤታችን ምንም አልሆነች፣ ደኅና ናት አለቻት። በአገራችን ለታመመ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም፤ ቤቱ ቢፈርስም ደኅና ነው ይባላል። እህቴ ራሷ ለስንቱ እንዲህ ብላ ነበር። ስለዚህ «ደኅና ናት» የሚለው ቃል የፈራችውን አረጋገጠላት። ልጇ ታማለች፣ ዓይኗ ጠፍቷል፣ እኛ ደብቀንባታል። ወንድሟ ግን የሚያየውን ሳይሳሳት የሚሥል ሰው ነውና እውነቱን ላከላት።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ከብቶቹን ልፈታ ስወጣ ወንዙን ተሻግራ ስትመጣ አየኋት። ወጥቼ ፊት ለፊቷ ቆምሁ። ፊቷ በቅርፊት ተሸፍኗል፤ በድምፅዋ ካልሆነ አትታወቅም። ተመለሽ አልኋት። አልሰማችኝም። ጐንበስ ብዬ ድንጋይ አነሣሁ፤ ጡጫ የሚያህል ድንጋይ ነው፤ ክብደቱን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

«ወርውር» አለችኝ ሳትቆም። «ዓይኗን አይቼ ልሙት።»

አልወረወርሁም። አልፋኝ ሄደች። ልጅቷ ድምፅ ሰምታ እየሮጠች ወጣች፤ ያን ፊት ስታይ አልፈራችም። እህቴ በሁለት እጇ የልጇን ፊት ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው፤ ቀኝ ዓይኗን አየች፣ ግራ ዓይኗን አየች። ከዚያ ለቀቀቻት። እጇን አይታ ጮኸች፤ እንደነካቻት የታወቃት ያን ጊዜ ነው። ሩጣ ወንዙን ተሻገረች።

ልጅቷን በአመድና በውኃ አጠብናት፤ እናቴ ስለት ገባች። ሁለት ሳምንት ሊሞላ ሲል፣ እህቴ ቅርፊቱ ረግፎላት ልብሷን አጥባ ልትመለስ ስትሰናዳ ልጅቷን ትኩሳት ያዛት። እናቷ አልመጣችም፤ እሷ ወደ እናቷ ሄደች። ጎረቤታችን አዝላ አሻገረቻት። እኔ በአጥሩ ክፍተት፣ ልጅቷ ትቆምበት በነበረው ቦታ ቆሜ አየሁ። በስምንተኛው ቀን ሞተች። እናቴና እኔ የምናለቅሰው ከወዲህ ማዶ ነበር፤ አብሮን ያለቀሰ ጎረቤት የለም።

እህቴ የተመለሰች ዕለት ሳንቃውን በብብቷ ይዛው ነበር። ስለ ድንጋዩም ስለ መሐላውም አንድ ቃል አላነሣችም። ሳንቃውን ጕልበቴ ላይ አኖረችው።

«ሁለተኛውን ዓይን አድርግላት» አለች።

በአዲስ ሳንቃ፣ ፊት ለፊት አድርጌ እንደምሥላት ነገርኋት።

«ሌላ ልጅ አልፈልግም። እሷ ይህች ናት።»

ከዚህ ጎን ሲታይ ሁለተኛው ዓይን እንደማይታይ፣ ከአፍንጫዋ ወዲያ መሆኑን ላስረዳት ሞከርሁ።

«ግን አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያው አድርገው።»

ጥላሸቱን በአስኳል ለወስሁ። ከመጀመሪያው ዓይን ወደ ጆሮዋ በኩል፣ ዓይን በማይኖርበት ጉንጭ ላይ ሁለተኛውን ሳልሁት። ቅንድቡንም አደረግሁለት። እጄ እንዲያ ያለ ስሕተት ሠርቶ አያውቅም። እህቴ ቀለሙ እስኪደርቅ አጠገቤ ቆማ ጠበቀች፤ ከዚያ ሳንቃውን ወስዳ መደቡ ላይ፣ ልጅቷ ትተኛበት በነበረው ጥግ አስደግፋ አቆመችው።