ቅል ውስጥ ያልገባው ጭራሮ

ገላነሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ ቡሬ ዳር ያለችውን መሬቷን እያሳረሰች በርበሬ ታመርታለች። ክረምት በገባ ቁጥር የጎረቤቱ በርበሬ ሥሩ በስብሶ ሲጠወልግ፣ የእሷ ይቆማል። ምስጢሩን ከማንም አልደበቀችም፤ ውሃ እንዳይቋጥር የተክሉን መደብ ከፍ ታደርጋለች፣ በርበሬ የበቀለበትን መሬት ደግሞ ሦስት ዓመት በርበሬ አታስነካውም። ይህን ያወቀችው አምስት ክረምት በኪሳራ አሳልፋ ነው።

ዘንድሮ ፍኖተ ሰላም ላይ የበርበሬ አምራቾች ጉባኤ ተጠራ። ከየማኅበሩ አንድ ተናጋሪ ይላክ ተባለ።

«እማማ፣ አንድ ቀን እንኳ ሰው ጸጥ ብሎ ቢሰማኝ» አለችኝ ገላነሽ፣ እኔን አሮጊቷን ጎረቤቷን።

እንዳይዳላ በዕጣ ይሁን ተባለ። በእኛ አገር ዕጣ ሲጣል ሁሉም የራሱን ምልክት ይሰጣል፤ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የልብስ ቁልፍ። ምልክቱ ቅል ውስጥ ይገባና ማን ምን እንደሰጠ ያላየ ሰው ያወጣል። ገላነሽ የደረቀ የበርበሬ ጭራሮ ይዛ መጣች።

አፌን የከፈትሁት ያኔ ነው። በስልሳ ሦስት ዓመቴ ፊደል ቆጥሬ ልቤ አብጦ ነበር። «ዛሬም በጭራሮ? ስም በወረቀት ይጻፍ እንጂ!» አልሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ ላቀው ሳቀ። «እማማ እውነታቸውን ነው» ብሎ የስምንቱን ተወዳዳሪ ወረቀት ራሱ ጽፎ፣ ጠቅልሎ፣ እኔ ባመጣሁት ቅል ውስጥ ጨመረው። ገላነሽ ጭራሮዋን ጣለች። ዕጣው ለላቀው ወጣ።

ቤቴ ገብቼ ቅሉን ብገለብጠው የቀሩት ወረቀቶች ወደቁ። ፊደል በፊደል እየለቀምሁ አነበብኋቸው። ሰባቱም ላይ «ላቀው» ይላል።

ለሊቀ መንበሩ ወስጄ ባሳየው «አንዴ ወጥቷል፣ ጉባኤው ነገ ነው» አለኝ። ለገላነሽ ነገርኋት። ረጋ ብላ፣ «ወረቀት ይሁን ያሉት እርስዎ ነዎት፣ እማማ» አለችኝ። በቁጣ ብትለው ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ አዳራሹ ጥግ አብረን ተቀመጥን። ላቀው ስለ መደቡ የእሷን ቃል የራሱ አድርጎ ተናገረ፤ ተጨበጨበለት። ከማንኩሳ የመጣ አንድ ገበሬ ከፊታችን ተነሥቶ፣ «መሬቱ ከበርበሬ ስንት ዓመት ይረፍ?» አለው።

«ምን ማረፍ ያስፈልገዋል! መደቡ ከፍ ካለ በየዓመቱ መትከል ነው።»

ገላነሽ ብድግ አለች። «ሦስት ዓመት ነው!»

«ተናጋሪ አይደለሽም፤ ቁጭ በይ» አላት አስተናባሪው።

ቁጭ አለች። የማንኩሳው ገበሬ ጎንበስ ብሎ ደብተሩ ላይ «በየዓመቱ» ብሎ ሲጽፍ አነበብሁት።