ቅዳሜ ቅዳሜ የምታብደው ሌዘር

አሶሳ በማስተምርበት ኮሌጅ ለሦስተኛ ዲግሪዬ የሠራሁት ሙከራ ለዓይን ቀላል ነበር። የስንዴ ፍሬ የምታክል ሌዘር፣ ፊት ለፊቷ ትንሽ መስታወት፣ በቃ። መስታወቱ ብርሃኑን ወደወጣበት ይመልሰዋል። የገዛ ብርሃኗ ሲመለስባት ሌዘሯ ትረበሻለች፤ ድምቀቷ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ደግሞ ይወድቃል። ትርምስ ይመስላል እንጂ የራሱ ሕግ አለው። እኔም አንድ አዲስ ሕግ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

የላብራቶሪው ቴክኒሻን የአሶሳ አካባቢ ተወላጅ፣ በዕድሜ አባቴን የሚያክሉ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነበሩ። ጋሼ ነበር የምላቸው። መስታወቱን እንደሳቸው አድርጎ የሚያጸዳ ሰው አላየሁም።

ክፍል የማልገባው ቅዳሜ ስለነበር የምለካውም ቅዳሜ ነበር። አንድ ቅዳሜ ታዲያ የሌዘሯ ረብሻ ከልክ አለፈና የቀኑ ሥራ ገደል ገባ። ደሜ ፈላ። «መስታወቱን ነክተሃል!» ብዬ ጮህኩባቸው። አንተ ስላቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

«ወላሂ አልነካም» አሉ። «መምህር፣ ቅዳሜ ገበያ ነው፣ ወፍጮ አለ። ወፍጮ ሲነሳ ጠረጴዛ ይንቀጠቀጣል። እጅ አስቀምጥ፣ አንተ ራስህ ታውቃለህ።»

እጄን አላስቀመጥኩም። አማርኛው የሚያደናቅፈው ሰው ስለ ፊዚክስ ምን ሊነግረኝ ብዬ ነው፤ እውነቱ ይኸው ነው። ፓዌ ላይ የሰፋሪ አባቴን የወሎ አነጋገር ሰው ሲስቅበት እየሰማሁ ያደግኩት እኔ ነኝ እንዲህ ያሰብኩት። ለኮሌጁ ኃላፊ በጽሑፍ ከሰስኳቸው። ከላብራቶሪ ተነስተው የግቢው በር ጥበቃ ሆኑ።

የዲግሪ ጽሑፌን ካስገባሁ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ሌዘሯ ያ የኔ ያልኩትን ረብሻ እምቢ አለች። ኤሌክትሪኩን ጨመርኩ፣ ቀነስኩ፤ ወይ ፍንክች። የጋሼ ቃል ትዝ አለኝ። ከአጥሩ ጀርባ ወዳለው ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ባለቤቷ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች።

«ሞተሩ ተቃጠለብን እኮ» አለችኝ። «የሰው ማሽላ ተከምሮ ቀረ።»

ሞተሩ ተጠግኖ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲነሳ መዳፌን ጠረጴዛው ላይ አሳረፍኩ። ይንቀጠቀጣል። በጣም ስስ ነው፤ ለመስታወቱ ግን ይበቃዋል። ያገኘሁት ሕግ የሌዘሯ አልነበረም፣ የወፍጮው ነበር። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ አፈርኩ፣ ከማፈሬ በላይ ግን ፈራሁ።

ጽሑፌን ፈታኞች ፊት ለማቅረብ ሦስት ሳምንት ቀርቶኝ ነበር። መናገር እችል ነበር። በፈተናው ዕለት ከፈታኞቹ አንዱ «ጠረጴዛው ከውጭ ንዝረት የተጠበቀ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎ» አልኩ። አለፍኩ፤ ተጨበጨበልኝ።

አሶሳ ስመለስ የግቢውን በር የከፈቱልኝ ጋሼ ነበሩ። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «እንኳን ደስ አለህ፣ ዶክተር» አሉኝ፤ ቂም የለባቸውም። ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ «አሁን ትልቅ ሰው ሆንክ፣ ይሰሙሃል። ለኃላፊ ንገርልኝ፣ ላብራቶሪ ልመለስ። መስታወት እኔ አልነካም» አሉ።

እነግርልዎታለሁ አልኳቸው። እሳቸው መስታወቱን እንዳልነኩ ለመናገር ግን ምን እንዳንቀጠቀጠው መናገር አለብኝ። ያን የተናገርኩ ዕለት ዲግሪው የለም።

ዓመት አለፈ። ዛሬ ጠዋትም በሩን ከፍተው ጠጋ አሉኝ።

«ነገርክልኝ?»

«ኃላፊው የሉም፣ ጋሼ» አልኳቸው። የኃላፊው መኪና ከጀርባቸው ቆማ ነበር። ዞር ብለው አይዋትና «እሺ፣ ዶክተር» ብለው አሳለፉኝ።