ሰሊጡ እስኪገባ

ሰሊጥ የሚታጨድበትን ቀን እንደ አባቴ የሚያውቅ ሰው መተማ ውስጥ አላየሁም። ጠዋት ማሳው ዳር ይቆምና ከግንዱ ታች ያለውን ፍሬ ቀጥፎ በጥፍሩ ይፈለቅቀዋል። ቀለሙን አይቶ "ነገ" ካለ፣ ነገ ነው። ከቆየ ፍሬው አፉን ከፍቶ ይረግፋል። ከወሎና ከጎጃም የሚመጡት አጫጆች "እኒህ ሰውየ ለሰርጋቸውም እንዲህ አልቸኮሉ" እያሉ ያሙት ነበር። ያ ሳቃቸው ዛሬም ይናፍቀኛል።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ አንገቱ ላይ እብጠት ሲወጣበት "ሰሊጡ ይግባና እታያለሁ" ያለው። ሰሊጡ ገባ። ደግሞ "ዋጋው ይጨምርና" አለ። እኛም ዝም አልን፤ አሁን ሳስበው ያናድደኛል።

መጀመሪያ ድንበሩን ተሻግረን ሱዳን፣ ገዳሪፍ አንድ የግል ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሻይ ጋበዘን፣ እብጠቱን ቆርጦ አወጣ፣ የሰሊጡን ግማሽ ወሰደ። አባቴ "አክባሪ ሰው ነው" እያለ ደስ ብሎት ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ እብጠቱም ተመለሰ።

ቀጥሎ የወሰድነው ጎንደር፣ የመንግሥት ሆስፒታል ነው። እዚያ ሻይ የለም፤ አልጋው ግን ርካሽ ነበር። አንዲት ወጣት ሐኪም አጠገቡ ቁጭ ብላ ካንሰር መሆኑን ነገረችው።

"አባባ፣ ምነው ቀደም ብለው ቢመጡ?"

"ሰሊጥ ላይ ነበርሁ፣ ልጀ።"

ለጨረር ወደ አዲስ አበባ ላኩን። ጨረሩ ያን ያህል አያስከፍልም፤ ያራቆተን ወረፋው ነው። ቤት ተከራይተን ወራት ጠበቅን። አንድ ቀን ወንበር ላይ እንደተቀመጥን "ይሄን ጊዜ ሰሊጥ ቢሆን ረግፎ አልቆ ነበር" አለኝ። እኔ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ተራው ሳይደርስ "አገሬ መልሽኝ" አለ። መተማ የጤና ጣቢያዋ ነርስ በባጃጅ እየመጣች የሕመም ማስታገሻ ትሰጠው፣ ቁስሉን ታጥብለት ነበር። ከሁሉም የረከሰው ሕክምና እሱ ነው፤ አባቴ እፎይ ብሎ የተኛው ግን ያኔ ነው። ለአጨዳ አልደረሰም።

ከዓመታት በኋላ፣ ማሳው የእኔ ሆኖ፣ ጡቴ ላይ ጠጠር የምታህል ነገር ዳሰስሁ። በዚያው ጠዋት ፍሬውን ፈልቅቄ አየሁ፤ ደርሷል።

"እትየ፣ ነገ እንጀምር?" አለኝ የአጫጆቹ አለቃ።

"ነገስ ጎንደር ነኝ" አልሁት። የአጨዳውን ብር ይዤ ሄድሁ፤ አጫጆቹም ሌላ ማሳ ገቡ።

ጠጠሯ ገና ትንሽ ሳለች ወጣችልኝ። ስመለስ ሰሊጡ ረግፎ መሬቱ ነጥቷል። አባቴ ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ቆሜ አለቀስሁ፤ ለሰሊጡ ግን አልነበረም።