ዶሪንና የተተወችው ልዕልት

ዶሪን ፕላምትሪ የባሌ እህት ናት። መኪና መንዳት ስለማትችል፣ የነገሥታቱን ሕይወት ለምትጽፈው ሴት ሹፌር ሆኜ የኖርኩት እኔ ነኝ። ምስጋና አልጠብቅም፤ ቢሆንም አንድም ቀን ቤንዚን ሞልታልኝ አታውቅም።

ቴሌቪዥን ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ ኖሪች በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ባርኔጣ ትሸጥ ነበር። የመኳንንት ሚስቶች መስታወት ፊት ቆመው የሚያወሩትን ስትሰማ ውላ ቤቷ ገብታ ትጽፈዋለች። ስለ ንጉሦችና ንግሥቶች ሦስት መጻሕፍት አሳተመች። ሕዝቡ ተሻምቶ ገዛቸው፤ የለንደን ጋዜጦች ግን «የባርኔጣ ሻጭ ወሬ» እያሉ አላገጡባት። እሷ ስቃ ታልፈው ነበር። እኔን ግን ያንገበግበኛል።

አራተኛው መጽሐፍ ስለ ልዕልት ሄንሪታ ነበር። መቼም እሷን የማያውቅ የለም፤ ሠርጓ ሲቃረብ እጮኛዋ የነበረው አንድ መስፍን ጥሏት ሄደ ተብሎ፣ ቀሪ ዘመኗን ባሕር ዳር ባለ ቤት ብቻዋን የኖረች ናት። እናቴ ስሟ በተነሣ ቁጥር እንባዋ ይመጣ ነበር። ሰር አላሪክ ፌንዊክ የሚባለው የቤተ መንግሥት ታሪክ አዋቂም ይህንኑ አሳምሮ ጽፎታል። ስለዚህ የዶሪን አሳታሚ ቁርጡን ነገራት፤ አዲስ ነገር ካላመጣሽ መጽሐፉ ይቀራል፣ ካንቺም ጋር በዚሁ እንለያያለን አላት። ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ሌላ አሳታሚ አያያትም።

ከልዕልቲቱ ቤት ሰዎች በሕይወት የነበረችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ስታለብሳት የኖረችው ሚስ ክራብ። የቤተ መንግሥት አገልጋይ ደግሞ ምስጢሩን ይዞ ነው የሚቀበረው። ሰር አላሪክ ራሱ አበባ ይዞ ሄዶ ከነአበባው ተመልሷል።

«ለአንቺማ ከነጭራሹ በር አትከፍትልሽም» አልኳት መንገድ ላይ።

«እኔ እኮ ምንም አልጠይቃትም።»

«ታዲያ ምን ልናደርግ ነው የምንሄደው?»

«ልሳሳት ነዋ» አለች ባርኔጣዋን እያስተካከለች።

ሚስ ክራብ በሩን ገርበብ አድርጋ አየችን። ዝናቡ ይወርዳል፤ ግቡ አላለችንም።

«ይቅርታ እማማ፣ ልጠይቅዎት አልመጣሁም» አለች ዶሪን። «ልዕልት ሄንሪታ ውሻ አይወዱም ነበር ብዬ ልጽፍ ስለሆነ ልንገርዎት ብዬ ነው።»

«ምን አልሽ?»

«ድመት ነው አሉ የሚወዱት።»

«ማነው እንዲህ ያለሽ? ውሾቹ እሳቸው አልጋ ላይ አልነበር እንዴ የሚተኙት? አንሶላውን የማራግፈው ማን ሆነና?» በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። «ግቢ። እግርሽን ጥረጊ። አንቺም ሹፌሯ ግቢ፣ ምን ይገትርሻል?»

እኛ እንግሊዞች እንዲህ ነን። ስለ ጌቶቻችን ጠይቁን፣ አፋችንን እንዘጋለን፤ ስለ ውሾቻቸው ተሳሳቱ፣ እስኪመሽ እናርማችኋለን። ከውሻው ወደ ሻዩ አፈላል፣ ከሻዩ ወደ ልብሱ፣ ከልብሱ ወደ ሠርጉ ተሄደ። ዶሪን ትሳሳታለች፣ ሚስ ክራብ ታርማለች። መጨረሻ ላይ ዶሪን «መቼም መስፍኑ ጥለዋቸው ሲሄዱ ልባቸው ተሰብሮ ነበር» አለች።  አሮጊቷ ስሜን እንዳታነሺ ብላ አስማለቻትና ሁሉንም ነገረችን።

በመጽሐፉ የወጣው እንዲህ ይላል፤ መስፍኑ ጥሏት አልሄደም። ምሳ ላይ «ከተጋባን በኋላ እንዲህ ጮክ ብለሽ አትስቂም» አላት። እሷም ምሳዋን በልታ ጨረሰች፣ ፎቅ ወጣች፣ ቀለበቱን መልሳ ላከችለት። እሱ እንዳይዋረድ ሲባል ተዋት ተብሎ ተወራ።

መጽሐፉ የተመረቀ ዕለት የኖሪች ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ በሰው ጢም ብሎ ነበር። ሰር አላሪክ ከፊት ወንበር ተነሣ።

«ሚስ ፕላምትሪ፣ ተረቱ ደስ ይላል። ማን ነገረዎት?»

«እሱን ልነግርዎት አልችልም።»

«እንግዲያው ፈጥረውታል ማለት ነው።»

አዳራሹ አጉረመረመ። አሳታሚዋ ጥግ ላይ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል። አንድ ስም ብትጠራ ትድናለች፤ ጥሪያ እያልኩ በሆዴ ለመንኳት። ዶሪን ፊቷ ደም መሰለ፣ ግን አልተናገረችም። እንደዚያን ቀን ተናድጄባትም ኮርቼባትም አላውቅም።

ያን ጊዜ ከወደ ኋላ ወንበር ተንቋቋ። ሚስ ክራብ ናት፤ በአውቶቡስ መጥታ ኖሯል። ምርኩዟን ተደግፋ ቆመች።

«ጌታዬ፣ ቀለበቱን ከልዕልቲቱ ጣት ያወለቅኩት እኔ ነኝ» አለች። «ጣታቸው አብጦ አልወጣም ብሎ በሳሙና ነው ያወጣሁት። ልክ ሲወጣ ሳቁ። ያን ሁሉ ዘመን አገሩ አለቀሰላቸው፣ እሳቸው ግን እስኪሞቱ ድረስ እንደልባቸው ሲስቁ ነው የኖሩት። ይህቺ ልጅ ስምሽን አላነሣም ብላኝ አላነሣችም። እኔው አነሣዋለሁ፤ ኢዲት ክራብ እባላለሁ።»

ሰር አላሪክ ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። አንድ ሰው አጨበጨበ፣ ከዚያ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ቆመ። እኔም አለቀስኩ፣ አልደብቅም። ዶሪን እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቀች። ከዚያ ወደ ፊት ወንበሮች አየች።

«ሌላ ጥያቄ ያለው አለ?» አለች።