ሁለት የቀኝ እጅጌዎች

ልብስ ሰፊ የኮት እጅጌ ሲቆርጥ ጨርቁን ሁለት አድርጎ ያጥፋል፤ የካርቶኑን ልክ ከላይ ያስቀምጣል፤ ዙሪያውን በጠመኔ ያሰምርና ድርቡን በአንድ ጊዜ ይቆርጣል። በዚህ አሠራር አንዱ እጅጌ የቀኝ፣ ሌላው የግራ ሆኖ ይወጣል። ጨርቁን ሳያጥፍ በነጠላው የሚቆርጥ ሰው ግን ለሁለተኛው እጅጌ ካርቶኑን መገልበጥ አለበት። ካልገለበጠ ሁለቱም የአንድ ወገን ይሆናሉ። ይህን በሙያው አንድ ወር የቆየ ጀማሪ ያውቀዋል።

የሰፈሩ ሰው «ሴንቲ» እያለ የሚጠራው ልብስ ሰፊ በዚህ ሥራ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆይቷል። ቅጽል ስሙ የወጣለት «አንዲት ሴንቲ እንኳ አልለቅም» ማለት ስለሚያበዛ ነው። በሱቁ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ረጅሙ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ በግድግዳው በኩል ደግሞ የስፌት መኪናው ይገኛል። የመጀመሪያው የእርሱ፣ ሁለተኛው የባለቤቱ ነው። እርሱ ይቆርጣል፤ እርሷ ትሰፋለች። ባለቤቱ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ትልቁን መቀስ ይዛ አታውቅም። «አትያዢ» ያላት የለም፤ «ያዢ»ም ያላት የለም።

ባለፈው ዓመት መግቢያ ላይ የሴንቲ ቀኝ አውራ ጣት መታዘዝ ተወ። በመጀመሪያ የሸሚዙን ቁልፎች መቆለፍ ተሳነው፤ ቀጥሎ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ያለው ሥጋ ጎደጎደ። መርፌ ሲወጋው ያመዋል፤ ሙቀትና ቅዝቃዜ ይለያል፤ ጣቱ ብቻ አይንቀሳቀስለትም። ለማንም አልተናገረም። እርሱ ዝምታውን ትዕግሥት ይለዋል፤ እኔ ጎረቤታቸው ግን ኩራት እለዋለሁ። ድርብ ሱፍ መቁረጥ ሲከብደው፣ ባለቤቱ ገበያ የምትወጣበትን ሰዓት እየጠበቀ፣ መቀሱን በሁለት እጁ ይዞ በነጠላው ይቆርጥ ጀመር። የአንድ ደንበኛው፣ የጡረተኛው ሹፌር፣ ኮት የተቆረጠው በዚህ መንገድ ነው።

ባለቤቱ አንደኛውን እጅጌ ሰፍታ ሁለተኛውን ስታነሣ መኪናውን አቆመች።

«አንተ ሰው፣ ይሄ ሹፌር ስንት ቀኝ እጅ ነው ያለው?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ና እይ። ሁለቱም የቀኝ ናቸው።»

መጥቶ አየ። አልተከራከረም።

«በድርቡ ብትቆርጠው ይሄ አይመጣም ነበር» አለችው።

«በድርቡ አልቻልኩም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዓመቱ መጀመሪያ።»

«እጅህን አሳየኝ።»

አሳያት። ጎድጓዳውን በጣቷ ነካችው። አላለቀሰችም፤ «ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» ብላ የተረፈውን ጨርቅ መለካት ጀመረች። ለእጅጌ አይበቃም ነበር።

ከብዙ ምርመራ በኋላ የነርቭ ሐኪሟ ሁለቱንም አስቀምጣ ነገረቻቸው።

«በሽታው እንቅስቃሴን የሚያዙትን የነርቭ ሕዋሳት የሚገድል ነው። ሕዋስ ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች ሥራቸውን የሚሠሩት በልካቸው ሲታጠፉ ነው። በአብዛኞቹ የዚህ በሽታ ሕሙማን ላይ አንዱ ፕሮቲን ሥራው ካለበት ከሕዋሱ እምብርት ይወጣና ከእምብርቱ ውጭ፣ እዚያው ሕዋሱ ውስጥ፣ ተጣብቆ ይከማቻል። በእምብርቱ ሥራው ይጓደላል፤ ከእምብርቱ ውጭ ደግሞ ክምሩ ያውካል።»

«ጨርቅ ያለ ልኩ ታጥፎ ሲቆረጥ በሉት» አለ ሴንቲ።

«ይሁን፣ እንደዚያ እንበለው። ሁለተኛ ነገር አለ። በሕዋሱ ገጽ ላይ መልእክት የሚቀበሉ ተቀባዮች አሉ፤ እነሱም ፕሮቲኖች ናቸው። ግሉታሜት የሚባል መልእክተኛ ሲነካቸው ይከፈታሉ። መልእክተኛው ከበዛና ሳይነሣ ከቆየ ግን ከልክ በላይ ይከፈቱና ካልሲየም ወደ ውስጥ ይጎርፋል። ያ ሕዋሱን ይጎዳዋል። የማዝልዎት መድኃኒት ግሉታሜቱን ይቀንሳል። በሽታውን በጥቂቱ ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም።»

«ከሁለቱ የትኛው ነው የሚቀድመው?»

«እስካሁን በእርግጠኝነት አልታወቀም።»

የማታውቀውን አውቃለሁ አለማለቷን በኋላ ሲነግሩኝ አከበርኋት። ባለቤቱ ግን ጥያቄዋ ሌላ ነበር።

«አንደበቱስ?»

«ቀኑን መናገር አልችልም። በብዙዎች ላይ ግን ንግግርም ይደክማል። የሚነገር ነገር ካለ ባይቆይ ይሻላል።»

በአውቶቡስ ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ሴንቲ ሁለት ሳምንት በመስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ምግብ ሲቀርብለት ይበላል፤ ሲጠሩት ቀና ይላል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አልነበረም። ባለቤቱ ዚፕ ትቀይራለች፤ የሱሪ ጫፍ ታጥፋለች፤ ያልተቆረጠ ሱፍ ይዞ የመጣውን ደንበኛ ግን ትመልሳለች። ሱቁ የሚኖረው በእርሱ ቅድ፣ በልክና በአቆራረጥ ዕውቀቱ፣ ነበር፤ ቅዱም ያለው በእርሱ ራስ ውስጥ ብቻ ነበር። ምላሱ ከመድከሙ በፊት ካላወጣው ከእርሱ ጋር ይቀራል፤ ሱቁም ይዘጋል። ይህን ሁለቱም ያውቁታል፤ አፍ አውጥቶ የተናገረው ግን አልነበረም።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ሹፌሩ መጣ።

«ሴንቲ! ኮቴም እንደ እኔ ጡረታ ወጣ እንዴ?»

ባለቤቱ ሰበብ ልትፈጥር ስትል ሴንቲ ቀደማት።

«ጋሼ፣ አበላሽቼብዎታለሁ። እጄን ታምሜ ሁለቱንም የቀኝ አድርጌ ቆረጥኩት። ጨርቁን እኛ እንተካለን።»

ሹፌሩ እጅጌዎቹን ጎን ለጎን ይዞ መረመረ። «በሁለት ቀኝ እጅ መሪ ብይዝ ኖሮ ስንቱን መኪና በቀደምኩ!» አለ። እጅጌዎቹን በቀስታ ጠረጴዛው ላይ መለሳቸው። «እና አሁን ማን ይቆርጥልኛል?»

«እሷ» አለ ሴንቲ።

«እኔ?»

«አዎ፣ አንቺ። መቀሱን አንሺ።»

በማግስቱ አዲሱ ሱፍ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። መቀሱ ለእጇ ትልቅ ነበር።

«ብሳሳትስ?» አለችው።

«እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆይቼ ነው የተሳሳትኩት። አንቺ ገና ነሽ፤ ተራሽ አልደረሰም።»

ቆረጠች። ሴንቲ ኀዘን ይመጣል ብሎ ጠበቀ፤ አልመጣም። እፎይታም አልመጣም። መቀሱ በጨርቁ ውስጥ ሲሄድ ሰማ፤ ያ ብቻ ነበር።

በየቀኑ አንዳንድ ነገር ያስተምራት ነበር፦ አንዱ ትከሻው ዝቅ ያለ ሰው እንዴት እንደሚለካ፣ ለቦርጫም ሰው የሱሪው ወገብ የት እንደሚውል። ዕውቀት ለሌላ የሚሰጥ ነገር መሆኑን የተረዳው ዘግይቶ ነው፤ ዘግይቶም ቢሆን መስጠቱን አላቋረጠም። በስድስተኛው ወር ቃላቱ ይጎተቱ ጀመር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአንድ ደንበኛ ኮሌታ እየቆረጠች ሳለ «አንገቱ...» ብሎ ጀመረ። ቀሪው እስኪወጣ ጊዜ ወሰደ። «...ወፍራም ነው።»

«አይቼ ጨምሬለታለሁ» አለች ቀና ሳትል።

«ሳትጠይቂኝ?»

«ሳልጠይቅህ።»

የተቆረጠውን ኮሌታ አቀበለችው። በግራ እጁ ይዞ ብዙ ተመለከተው።

«ልክ ነው» አለ። ሁለቱን ቃላት ለማውጣት ታገለ። እርሷም ሰምታ ሥራዋን ቀጠለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ቅድ አልተነጋገሩም፤ የቀረችውን ድምፁን ከእርሷ ጋር ለሌላ ወግ አቆያት።