የመሠዊያው ጀርባ

በሰፈሩ «ጀርባውስ» የሚባል አናጢ ነበር። ስሙን ያወጡለት በእጁ ሥር ያለፉ ሠራተኞች ናቸው። ቁም ሣጥን ተሠርቶና ቀለም ተቀብቶ ሲቀርብለት፣ ፊቱን ሳያይ ዞሮ «ጀርባውስ?» ይላል። ጀርባው ካልተላገ ዕቃው ከሥራ ቤቱ አይወጣም። «ግድግዳ ሊያየው ነው እንዴ?» ያለ ሠራተኛ የዕለቱን ስድብ ጠግቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ይህ ጥብቅ ሰው ሠላሳ ስድስት ዓመት የደበቀው ውሸት ነበረው። በወጣትነቱ ከአባቱ ጋር የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኑን መሠዊያ ሲሠሩ፣ አባትየው ፊቱንና ጎኑን ቀርጸው ጀርባውን እንዲልግ ለእሱ ተዉለት። የዚያን ቀን ግን የኳስ ጨዋታ ነበረበት፤ መላጊያውን ሳያነሣ «ጨርሻለሁ» አለ። አባትየው «በርታ» አሉት፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። መሠዊያው ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ በሚስማር ሲመታ እሱ ሌላ ቦታ ሥራ ተልኮ ስለነበር አላየም። አባትየውም ነገሩን ሳያነሡ ሞቱ።

አንድ ሰኞ ወጣቱ ቄስ ወደ ሥራ ቤቱ መጡ።

«ጋሼ፣ ሥርዓቱ ተለውጧል። ከእንግዲህ በራሳችን ቋንቋ፣ ፊት ለፊት እየተያየን ልንቀድስ ነው። መሠዊያውን ከግድግዳው ያላቅቁልኝ።»

«ላቲኑ ምን በደለ፣ አባ? እግዜር ይሰማው የለም?»

«እሱማ ይሰማል፤ የማይሰሙት እርስዎ ነዎት። ‹ኤት ኩም ስፒሪቱ ቱኦ› ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?»

«አባቴ የሚሉትን ማለቴ ነዋ!»

ቄሱ ሳቁ። አናጢው ግን ሌላ ጭንቅ ያዘው። «እርስዎስ የት ሊቆሙ ነው?»

«ከመሠዊያው ጀርባ።»

ማታ እህል አልወርድ ሲለው ሚስቱ አፋጠጠችው፤ ተናዘዘላት። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

«አንተ! ‹የድስቱን ቂጥ በደንብ አላሸሽም› እያልክ ያንገበገብከኝ ለዚህ ኖሯል? ነገ አብሬህ ነው የምሄደው፤ ይህን ሳላይማ አልሞትም!»

በማግስቱ ሚስማሮቹን ነቅሎ፣ ከቄሱና ከሚስቱ ጋር መሠዊያውን ክንድ ያህል ገፋ። ወደ ጀርባው ቀድማ የዞረችው ሚስቱ ናት። ሳቋን ቢጠብቅ አልመጣም።

«ና እይ» አለችው ቀስ ብላ።

የጀርባው ግራ ገጽ እጅ እስኪያንሸራትት ድረስ ተልጓል። ቀኙ መጋዝ እንደለቀቀው፣ ስንጥሩ እንደቆመ ነው። በሁለቱ መካከል ቀጥ ያለ የእርሳስ መስመር ወርዷል፤ ከመስመሩ በግራ በአባቱ ወፍራም የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ግማሹ የኔ። ቀሪው ያንተ።»

«ያውቁ ነበር» አለ አናጢው። «እያወቁ ነው ‹በርታ› ያሉኝ።»

ቄሱ ሊያጽናኑት ፈለጉ። «በጨርቅ እንሸፍነዋለን፣ ጋሼ። ማንም አያየውም።»

አናጢው ሠራተኞቹን በሚያይበት ዓይን አያቸው። «እርስዎስ?»

እስከ ቅዳሜ አንድም ሠራተኛ ሳያስጠጋ የራሱን ግማሽ ላገ። መስመሩ ዘንድ ሲደርስ መላጊያውን ከእንጨቱ አነሣ፤ ጽሑፉን አልነካም።

እሑድ ቄሱ ከመሠዊያው ጀርባ ቆመው፣ ፊታቸውን ለሕዝቡ ሰጥተው፣ ሁሉም በሚሰማው ቋንቋ «ጌታ ከእናንተ ጋር ይሁን» አሉ። ሕዝቡ አዲሱን መልስ ከወረቀት ላይ ሲፈልግ፣ «ኤት ኩም ስፒሪቱ ቱኦ!» የሚል አንድ ድምፅ ብቻውን አስተጋባ። አግዳሚው ሁሉ ዞሮ አየው። ሚስቱ በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

«ከመንፈስህም ጋር» አለ እንደገና፣ አሁን ቀስ ብሎ፣ ቃሉን እየሰማው። ዓይኑ ቄሱ ላይ ሳይሆን መሠዊያው ላይ ነበር።

ሚስቱ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። «ጀርባውስ?»

«ጨርሻለሁ።»